ሦስት ድምፅ በአንድ ስም

ሃርሎው ክሪክ፣ ቴክሳስ
መጋቢት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ኃይለ መስቀል፣ ደሴ

ጾሙ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ የጦሳ ተራራ ብርድም ደረትዎን ሳያገኘው ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ አባይነሽና ልጃችን ልዩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ያዘዙኝን የማንበቢያ መነጽር ገዝቻለሁ፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው እስካገኝ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

አሁን ወደ ወሬው ልግባ። አባይነሽ ለምርጫ ቀርባለች። አይደንግጡ፤ የመንግሥት ሥልጣን አይደለም፣ ፓርቲም የለበትም። እዚህ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድር ሰባት ሰው ያለው ቦርድ አለ፤ የከተማው ሰው ይመርጠዋል። ደመወዝ የለውም። እንደ እርስዎ የእድር ኮሚቴ ድካሙና ጭቅጭቁ ብቻ ነው ያለው። ከተማችን ሌዊስቪል ከሚባል ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ ያለች፣ ካርታ ላይ በመከራ የምትገኝ ናት።

ነገሩ የተነሣው ከአውቶቡስ ነው። የምንኖርበት አፓርትመንት ከትምህርት ቤቱ ሁለት ማይል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ቦርዱ ደግሞ ከሁለት ማይል በታች ያለ ልጅ በእግሩ ይምጣ ብሎ ወሰነ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ክፋት የለውም። ልጆቹ ግን በመሐል የአውራ ጎዳናውን የዳር መንገድ መሻገር አለባቸው፤ መኪናውም እዚያ ላይ ለማንም አይቆምም። አባይነሽ የአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ከመግባቷ በፊት በየማለዳው አሥራ አራት ልጅ ታሻግራለች። ከእነሱ የእኛ አንዷ ብቻ ናት፤ የቀሩት የሜክሲኮዎች፣ የቬትናሞችና የሁለት ሐበሻ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሦስት ጊዜ ቦርዱ ፊት ቀርባ ተናገረች። ሦስቱንም ጊዜ «እናመሰግናለን» ብለው ሸኟት። ከዚያ በኋላ ነው ሄዳ የተመዘገበችው።

ሦስት ወንበር ተከፍቷል፣ ስድስት ሰው ቀርቧል። በድሮው ዓይነት ቢሆን ተስፋ አልነበረንም፤ የሚበዛው ወገን ሦስቱንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ዘንድሮ ግን አዲስ ዘዴ ተፈቅዷል። እያንዳንዱ መራጭ ሦስት ድምፅ አለው። ቢፈልግ ለሦስት ሰው አንዳንድ ያድላል፣ ቢፈልግ ሦስቱንም ለአንድ ሰው ይቆልላል። ስለዚህ ጥቂቶች ድምፃቸውን አንድ ቦታ ካከማቹ አንድ ወንበር ማግኘት ይችላሉ። ዜግነት አግኝተን እዚህ የምንመርጥ ሐበሾች እኔንና አባይነሽን ጨምሮ ሃያ ሰባት ነን። ከጎረቤቶቻችን ጋር ከተባበርን ትገባለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም ሰብስቤ አስረዳሁ፤ ሁሉም «እሺ» አለ።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሚስተር ዌንዴል ነው። ያስታውሱት እንደሆነ፣ ከሱዳን ስመጣ ካፖርት ይዞ አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበለኝ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አስተባብሮ ቤት የተከራየልኝ ሽማግሌ ነው። ደግ ሰው ነው። በአውቶቡሱ ነገር ግን «በጀት የለም» ከሚሉት ወገን ነው።

በጸሎትዎ አይርሱን።
ልጅዎ ይርጉ

---

ደሴ
ሚያዝያ 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለይርጉ

ያሻገረህ አምላክ ያሻገረህበት ያጽናህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ከመናገር በቀር ጥፋት የለበትም።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስሠራ «አንድ ሰው ሦስት ድምፅ አለው» የሚል ወረቀት ቢመጣልኝ «ይጣራ» ብዬ ወደ መጣበት እመልሰው ነበር። በሁለተኛው ንባብ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ከገባኝም ወዲህ አላስተኛህ ብሎኛል።

የእኛ እድር ሁለት ሰፈር መሆኑን ታውቃለህ። ላይ ሰፈር ብዙ ነን፣ ታች ሰፈር ጥቂት ናቸው። እኔ የእድሩ ዳኛ ከሆንኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከታች ሰፈር ኮሚቴ የገባ ሰው የለም። እጅ አውጡ ሲባል የላይ ሰፈር እጅ ይበዛል፤ አለቀ። ድንኳናችን ሁለት ነው፣ አንዱ አዲስ፣ አንዱ የተጣፈ። ታች ሰፈር ሰው ሲሞት የሚወርደው የተጣፈው ነው። ማንም እንዲያ ይሁን ብሎ አላዘዘም፤ ግን ሁልጊዜ እንዲያ ይሆናል። ወይዘሮ ዓለምጌጥ የምትባል በርበሬ ነጋዴ አለች። ባሏ የሞተ ጊዜ ዝናቡ በተጣፈው ድንኳን ገብቶ ለቀስተኛውን አበሰበሰው። ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው ትነሣለች፣ እኔም «ይታያል» እያልኩ አስቀምጣታለሁ። አባይነሽን «እናመሰግናለን» አሏት ስትለኝ እሷ ትዝ አለችኝ፤ ደስ አላለኝም።

መነጽሩ ይቆይ። መጀመሪያ የዚያን የምርጫ ወረቀት ናሙና ላክልኝ።

አንድ ነገር ልምከርህ። የእኛን ሰው «እሺ» ተማምነህ አትተኛ። ዳኛ ፊት «እሺ» ብሎ ወጥቶ ያልፈጸመ ስንት ሰው መዝግቤአለሁ።

አጎትህ ኃይለ መስቀል

---

ሃርሎው ክሪክ
ግንቦት 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ኃይለ መስቀል

ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁን፤ የእኛ ጤና ደኅና ነው፣ ልባችን ግን አይደለም። አባይነሽ ወድቃለች። የወደቀችው በሁለት ድምፅ ነው። ሦስተኛውን ወንበር የወሰደው ሚስተር ዌንዴል ነው፤ እሱ 614፣ እሷ 612። አንደኛ የወጣችው ሚስ ሮዝመሪ ናት፣ ልዩን ማንበብ ያስተማረቻት ጡረተኛ መምህርት። እሷስ በሰፊው ነው ያለፈችው።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሦስት ሦስት ክብ ያያሉ። መራጩ ከሁሉም ውስጥ ሦስት ክብ ብቻ ያጠቁራል፤ ከፈለገ ሦስቱም የአንድ ሰው ይሆናሉ።

ጎረቤቶቻችን ቃላቸውን ጠበቁ። ያቃጠለኝ የእኛው ሰው ነው። አንድ በአንድ እየዞርኩ ጠየቅሁ። አሥራ አራቱ ሦስቱንም ለእሷ ሰጥተዋል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሰባቱ ሁለት ሰጥተዋት አንዷን ለሌላ አሳልፈዋል። አራቱ ደግሞ አንዳንድ ለሦስት ሰው እንደ ጠበል ጠዲቅ አድለዋል።

ከእነዚህ አንዱ ወልደ ሥላሴ ነው፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ ሰው የሚያመላልሰው። «ምን ነካህ?» አልኩት።

«ሶ ምን ላድርግ? ሌሎቹም እኮ ሰው ናቸው። ሁሉንም ለአንድ ሰው ስሰጥ፣ ማለቴ፣ ስግብግብ መሰልኩ። ፌር አይደለም» አለኝ።

«ፌርነቱን ሕጉ ጨርሶታል፤ አንተን ማን ጨምርበት አለህ?» ስለው «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሶሪ» ብሎ ቫኑን አስነሥቶ ሄደ። ባንክ ለምትሠራዋ ለፀደንያ ደግሞ አንዱ ተወዳዳሪ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ብስኩት ሰጣት። ብስኩቱን ተቀብላ እንዴት ባዶ እጁን ትመልሰው? አንዷን ድምፅ ለእሱ አደረገችለት።

አባይነሽ ሰኞ ማለዳ እንደ ልማዷ ልጆቹን ልታሻግር ወጣች። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ አዝኛለሁም።

ልጅዎ ይርጉ

---

ደሴ
ሰኔ 12 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለልጄ ለይርጉ

የአባይነሽን ልብ የሚጠግን አምላክ የአንተንም ቁጣ ያብርድልህ። በሁለት ድምፅ መውደቅ በሁለት መቶ ከመውደቅ ይከፋል፤ አዘንኩላት። ለወልደ ሥላሴና ለጓደኞቹ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ሲባል አልሰማችሁም ወይ በልልኝ። እነሱ አንዳንድ አጉርሰው ሁሉን ያስደሰቱ መስሏቸዋል።

ወረቀቱን ኮሚቴው አየው፤ ብዙ ተሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ቁጥር ሳይ ሳልደምር አላልፍም። አሥራ አራት፣ ሰባት፣ አራት፤ ሃያ አምስት ይሆናል። በመጋቢት ደብዳቤህ ደግሞ «እኔንና አባይነሽን ጨምሮ ሃያ ሰባት ነን» ብለሃል። ሁለት ሰው ጎደለኝ። አንዷ አባይነሽ ናት፤ እሷን አልጠይቅም፣ ሰው ለራሱ ሲሆን እጁ አያጥርም። ሌላው አንተ ነህ። አንተ ለማን ስንት ሰጠህ?

አጎትህ ኃይለ መስቀል

---

ሃርሎው ክሪክ
ጥቅምት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ኃይለ መስቀል

አዲሱ ዓመት የዕረፍትና የጤና ይሁንልዎ። መልሱ ስለ ዘገየ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ መጋዘኑ ሰው ቀንሶ የሁለት ሰው ሥራ ላይ ነኝ። መነጽሩን ይህን ደብዳቤ ለያዘችልኝ ለወይዘሮ ማራኪ ሰጥቻታለሁ። ልዩ አሥር ዓመት ሞላት፣ ከእኔ ይልቅ ትደምራለች። ወልደ ሥላሴ ዋይሊ በሚባል ሌላ ከተማ አዲስ ቤት ገዝቶ ስለ ሄደ አንድ መራጭ ቀንሶብናል። አባይነሽ አሁንም ታሻግራለች፤ በየወሩም ወደ ቦርዱ ስብሰባ ሄዳ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። የምርጫው ነገር አልፏል፣ ማንሣቱም አይጠቅም።

ልጅዎ ይርጉ

---

ደሴ
ታኅሣሥ 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለይርጉ

መነጽሩ ደርሶኛል፤ ዓይንህ አይፍዘዝ። በእሱ የጥቅምቱን ደብዳቤህን አነበብኩት፤ ያልተጻፈውም ጭምር ታየኝ።

ለእሷ አንድ፣ ለካፖርቱ ሰው አንድ ሰጥተህ ከሆነ ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሦስቱንም ለእሷ ሰጥተህ ቢሆን እሷ 614 ትሆናለች፣ እሱ 613። ይኸው ነው። ተሳስቼ ከሆነ ስቀህ ጣለው። ካልተሳሳትኩ ለእኔ አትጻፍልኝ፤ አብራህ ለምትበላው ንገራት።

ኃይለ መስቀል

---

ሃርሎው ክሪክ
ሐምሌ 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ኃይለ መስቀል

ክረምቱ ሳይከብድብዎ ይለፍ። ሰባት ወር ዝም አልኩ፤ ቁጣዎን ፈርቼ አይደለም፣ ስላልተሳሳቱ ነው።

ያን ቀን ብዕሩን ይዤ ከመከለያው ጀርባ ቆምኩ። ከአባይነሽ ስም አጠገብ የመጀመሪያውን ክብ አጠቆርኩ። ሁለተኛውን ልሞላ ስል የሚስተር ዌንዴል ስም ከሥሯ ነበር። ያ ካፖርት ትዝ አለኝ። እጅጌው ረጅም ነበር፣ ዛሬም ቁም ሳጥኔ ውስጥ አለ። አንድ ድምፅ እንኳ ለዚህ ሰው ልንፈገው? አልኩ። አንዷን ለእሱ ከሰጠሁ ደግሞ ልጄን ያስተማረችውን ሴትዮ እንዴት እዘላታለሁ? ሦስተኛዋ ለእሷ ሆነች። ማንም አያየኝም፣ ማንም አያውቅብኝም፤ ይሉኝታ ግን ብቻዬን በቆምኩበት መጥቶ ያዘኝ። ከዚያ ወጥቼ ወልደ ሥላሴን ተቆጣሁት። በዚህ ነው ይበልጥ የማፍረው።

ባለፈው ቅዳሜ የአፓርትመንቱ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከአባይነሽ ጋር ልብስ ስናጥፍ ነገርኳት።

«ያን ጊዜ ለአንቺ አንድ ብቻ ነው ቮት ያደረግኩት።»

የልዩን ቀሚስ አጥፋ ጨረሰች። «አንዷን ለዌንዴል?»

«አዎ።»

«አንዷን ለሮዝመሪ?»

«አዎ።»

«ሶ፣ እኔ ለራሴ ስንት የሰጠሁ ይመስልሃል?»

«ሦስት ነዋ» አልኳት።

«ዜሮ» አለችኝ። «ስሜን አየሁትና እጄ እምቢ አለ። ራሴን መምረጥ፣ ማለቴ፣ እናቴ ብታየኝ ምን ትላለች አልኩ። ሁለቱን ለሮዝመሪ ሰጠሁ፣ አንዱን ለዌንዴል።»

ጋሼ፣ የጎደሉዎት ሁለት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ሰው ለራሱ ሲሆን እጁ አያጥርም ብለው ነበር፤ የእሷ አጠረ። ማድረቂያው አጠገብ ተቀምጠን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ አለቀሰች። «አሥራ አራት ልጅ ይዤ ነው እኮ የተግደረደርኩት» አለችኝ። ያልተኳረፍነው ሁለታችንም ጥፋተኛ ስለሆንን ይመስለኛል።

ልጅዎ ይርጉ

---

ደሴ
ጥር 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለይርጉ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር እንደ ሳቃችሁ ያኑራችሁ። ደብዳቤህን ከሳጥኔ አኑሬዋለሁ፤ ለማንም አላነበብኩትም።

እኔም የምነግርህ አለኝ። ከጥምቀት በኋላ እድራችን ለሦስት የኮሚቴ ወንበር ምርጫ ነበረው፤ አንዱ የእኔ ነው። ለጉባኤው «ዘንድሮ እጅ አናወጣም» አልኩ። ስድስት የወተት ዱቄት ጣሳ ከመጋረጃ ጀርባ ደረደርን፤ ማንበብ ለማይችለውም እንዲሆን በየጣሳው ላይ የተወዳዳሪውን ጉርድ ፎቶ ለጠፍን። ለእያንዳንዱ አባል ሦስት ሦስት ሽምብራ ታደለ። ማጉረምረሙ ብዙ ነበር። ጸሐፊያችን አቶ አዲሱ «ሹመት በንፍሮ ሆነ» ብሎ ሰዉን አሳቀው።

ታች ሰፈሮች ይሉኝታ የሚባል አላወቁም። ሦስት ሦስቱን ወይዘሮ ዓለምጌጥ ጣሳ ውስጥ ጨመሩ። ላይ ሰፈር ደግሞ የወደደኝ ሁሉ አንድ ሽምብራ ሰጠኝ፤ እኔን የሚወድ ሌላውንም ይወዳልና ሁለቱን ለሌላ ሰጠ። ተቆጠረ። ዓለምጌጥ 97፣ እኔ 96። ወደቅሁ።

በአንድ ሽምብራ ነው፣ ልብ በል። የእኔን ሦስት ሽምብራ ደግሞ ጣሳዋ ውስጥ የጨመርኩት ራሴ ነኝ። ልጨምር ስል የዚያ ቀን ዝናብ ትዝ አለኝ፣ «ይታያል» እያልኩ ያስቀመጥኳት ሁሉ ትዝ አለኝ። እንደምወድቅ ግን አልጠበቅሁም። ሲቆጠር ልቤ ደነገጠ፤ ሃያ አራት ዓመት ቀላል አይደለም። ሁለት ቀን እህል አልበላልህ አለኝ። በሦስተኛው ቀን የመዝገቡንና የመጋዘኑን ቁልፍ ይዤ ቤቷ ወርጄ አስረከብኳት።

አባይነሽን እንዲህ በልልኝ። እኔ ለራሴ ያልሰጠሁት አውቄ ነው፣ ለጎደለባትም ነው የሰጠሁት። እሷ ግን አፍራ ለማይጎድልባቸው ሰጠች። በሚመጣው ለራሷ ትስጥ። ነውር ከመሰላት አሥራ አራቱን ልጆች ትቁጠር።

ባለፈው ሳምንት ታች ሰፈር አንድ ሽማግሌ አረፉ። አዲሱ ድንኳን ወረደ። እኔም ከሥሩ ተቀመጥኩ፤ አያፈስም።

አጎትህ ኃይለ መስቀል

---

ሃርሎው ክሪክ
ሚያዝያ 26 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለጋሼ ኃይለ መስቀል

ከቁልፍ ሸክም ያረፈው እጅዎ ለምርቃት አይስነፍ። የምሥራቹን ላስቀድም፤ አባይነሽ ገብታለች። ሦስተኛውን ወንበር ያገኘችው እሷ ናት። ሚስተር ዌንዴል አራተኛ ሆኖ ወደቀ። ደስ ብሎኛል፣ ስለ እሱም አዝኛለሁ፤ ሁለቱንም ልደብቅዎ አልፈልግም። ልዩ አሁን መካከለኛ ደረጃ ስለገባች ያ መንገድ አይመለከታትም። እናቷ ግን አሁንም ታሻግራለች፤ ልጆቹ አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል።

ምርጫው የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ከመግባቴ በፊት ሚስተር ዌንዴልን መኪና ማቆሚያው ጫፍ ላይ ከደጋፊዎቹ ጋር ቆሞ አገኘሁት። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁትን በእንግሊዝኛ ነገርኩት። «ዛሬ ለአንተ አንድም አልሰጥህም፤ ሦስቱንም ለሚስቴ ነው የምሰጠው» አልኩት። ይህን ያህል ውለታ ለዋለልኝ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት ስናገር በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ትንሽ አየኝና «ባለፈውስ?» አለኝ።

«ለአንተም ለእሷም አንድ አንድ ሰጥቼ ነበር።»

ጣቶቹን እያየ ቆጠረ። «እንግዲያስ ሦስት ዓመት ሙሉ በሚስትህ ወንበር ነበራ የተቀመጥኩት» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ትከሻዬን ያዘና «ይርጉ፣ ካፖርቱ እኮ ለምርጫ አልነበረም» አለኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። ሰው ደግነቱን ሳይቆጥር እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ስቆጥርለት ኖሬአለሁ።

እኔ ቶሎ ጨርሼ ወጣሁ። አባይነሽ ቆየች። መከለያው ጀርባ እግሯ ይታየኝ ነበር፤ አይነቃነቅም። ሁለት ሰው ከኋላዋ ገብቶ ወጣ። በመጨረሻ ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ከትታ፣ ግንባሯ አልቦት ወደ እኔ መጣች። እዚያ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። እሷ ግን ግራ ቀኝ አይታ፣ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ «ሦስቱንም ለራሴ» አለችኝ።

ልጅዎ ይርጉ